በመኪና የማይደረስባት ዋና ከተማ

በኑክ የድሮ ወደብ አጠገብ ሁለት ሐውልቶች አሉ። አንደኛው ከባሕሩ በላይ ካለው ጉብታ አናት ላይ የቆመ የነሐስ ቄስ ነው። ሁለተኛዋ ከታች፣ ባሕሩ ድንጋዩን ከሚመታበት ጠርዝ ላይ የተቀመጠች ሴት ናት፤ ፀጉሯ የተንዠረገገ ነው፤ የባሕር እንስሳት ከበዋታል። ባሕሩ ሲሞላ ውኃው ይውጣትና አትታይም፤ ሲጎድል ከነእንስሶቿ ብቅ ትላለች።

ቄሱ ሃንስ ኤገዴ ይባላል፤ ከተማዋን የቆረቆረ ሰው ነው። ሴቲቱ ሳሱማ አርና ናት፤ የባሕር እናት። በኢኑይት አፈ ታሪክ መሠረት ሰዎች ሕግ ሲተላለፉ ጥፋታቸው ወርዶ በፀጉሯ ላይ ይከማቻል። ዓሣ ነባሪውም፣ ሲል የሚባለው ጡት አጥቢ የባሕር እንስሳም በዚያ ፀጉር ተተብትቦ ይቀራል፤ አዳኙ ባዶ እጁን ይመለሳል፤ መንደሩ ይራባል። ያን ጊዜ የመንደሩ አዋቂ በመንፈስ ወደ ባሕሩ ወለል ወርዶ ፀጉሯን ያበጥርላታል፤ እንስሳቱ ይለቀቃሉ፤ ሰዉም ይበላል።

በሰኔ 2020 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ቀኖች፣ ወሮችና ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በግሪንላንድ ብሔራዊ በዓል ዕለት የኑክ ሰው ሲነቃ ቄሱ ቀይ ቀለም ተደፍቶበት፣ ከሥሩም ቅኝ አገዛዝን የሚያወግዝ ቃል ተጽፎበት አገኘው። የከተማው አስተዳደር ጉዳዩን ለነዋሪው ድምፅ አቀረበ። 921 ሰዎች ይቆይ አሉ፤ 600 ሰዎች ይነሣ አሉ። እኔን ያስገረመኝ ውጤቱ አይደለም፤ ከ20 ሺህ በላይ ነዋሪ ካለው የአስተዳደር ክልል ውስጥ ይህን ያህል ሰው ዝም ማለቱ ነው። ቄሱ ዛሬም ከላይ ነው፤ የባሕር እናትም ከታች።

ኑክ የግሪንላንድ ዋና ከተማ ናት። ግሪንላንድ በስፋቷ የኢትዮጵያ እጥፍ ገደማ ትሆናለች፤ ከዚህ መሬት አምስት እጅ አራቱን ያህል የበረዶ ግግር ለብሶታል። በቀረው የባሕር ዳርቻ ላይ የሚኖረው ሕዝብ 57 ሺህ ያህል ብቻ ሲሆን ከሦስቱ አንዱ ኑክ ውስጥ ነው። ከተማዋ 20 ሺህ ገደማ ሰው ይዛ የፓርላማው፣ የዩኒቨርሲቲው፣ የብሔራዊ ሙዚየሙ፣ የትልቁ ሆስፒታልና የትልቁ ወደብ መቀመጫ ናት። አውቶቡስ አላት፤ ታክሲ አላት፤ የትራፊክ መብራት አላት። ከከተማው የሚወጣ መንገድ ግን የላትም። በግሪንላንድ ምድር አንዱን ከተማ ከሌላው የሚያገናኝ አውራ ጎዳና የለም። መኪና ገዝቶ ነድቶ ነድቶ የሚደርሰው አስፋልቱ ባለቀበት ዓለት ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ ጀልባ ነው፣ ወይም አውሮፕላን፣ ወይም ሄሊኮፕተር።

ብዙ ጸሐፊዎች ስለ ኑክ ሲጽፉ «የዓለም ጫፍ» ማለት ይቀናቸዋል። ካርታውን ዘርግቶ ለሚያይ ግን ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ኑክ ከዴንማርኳ ኮፐንሀገን ይልቅ ለኒው ዮርክ ትቀርባለች። የካናዳዋ ኢካሉይት፣ የኑክ ሰዎች ሥጋ ዘመድ የሆኑ ኢኑይት የሚኖሩባት ከተማ፣ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትርቅ ነው። ይሁንና ለብዙ አሥርት ዓመታት አንድ የኑክ ሰው እነዚህን ጎረቤቶቹን ልጠይቅ ቢል ብዙውን ጊዜ አትላንቲክን ተሻግሮ ኮፐንሀገን መድረስ፣ ከዚያም አትላንቲክን መልሶ መሻገር ነበረበት። ርቀቷን ተፈጥሮ ብቻዋን አልፈጠረችውም። መንገዱ ሁሉ በአንድ በር እንዲያልፍ የወሰኑ ሰዎች ነበሩ።

ያ በር የተከፈተው በ1721 ነው። ኤገዴ «ተስፋ» በምትባል መርከብ ከነሚስቱና ከነልጆቹ መጣ። የመጣው ኢኑይትን ፍለጋ አልነበረም። በ10ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአይስላንድ ተሻግረው ግሪንላንድ ላይ የሰፈሩ ኖርዶች ነበሩ፤ አንደኛው ሰፈራቸው ኑክ አጠገብ ባለው ፊዮርድ ውስጥ፣ ባሕሩ ተራራውን ሰንጥቆ በገባበት ሰርጥ ዳር ነበር። ኤገዴ እነዚህ ሰዎች ተሐድሶ ሳይደርሳቸው ካቶሊክ እንደሆኑ ቀርተዋል፣ ወይም ክርስትናን ረስተዋል ብሎ ያስብ ነበር። ሊያስተምራቸው መጣ፤ ግን አንድም አላገኘም። የፊዮርዱ ሰፈር ባዶ ከሆነ ያን ጊዜ 400 ዓመት ገደማ ሆኖት ነበር። ያገኘው የድንጋይ ፍርስራሽና በቆዳ ጀልባ ሲል የሚያድኑ ኢኑይትን ነው፤ እነሱን ማስተማር ጀመረ።

በ1728 የኤገዴ ሰፈር ከደሴት ወደ ዋናው ምድር፣ ወደ ዛሬዋ ኑክ ተዛወረና ጎትሆብ ተባለ፤ መልካም ተስፋ እንደ ማለት ነው። የዴንማርክ ንጉሥ ከኮፐንሀገን የላኩት ተስፋ ግን መልካም አልነበረም። ገዥው ክላውስ ፓርስ ወታደሮችን፣ መድፍንና ፈረሶችን ይዞ መጣ፤ ከእስር ቤት የወጡ ወንዶችና ሴቶችም ለዚሁ ጉዞ ተብሎ ተጋብተው በመርከቡ ተጫኑ። በፈረስ የበረዶ ግግሩን አቋርጦ የጠፉትን ኖርዶች መፈለግ ነበር ዕቅዱ። ፈረሶቹ አለቁ። ከሰዎቹም ብዙዎቹ በመጀመሪያው ክረምት በስከርቪ በሽታና በብርድ ሞቱ። በ1733 ደግሞ ከዴንማርክ ከተመለሰ ልጅ ጋር ፈንጣጣ ገባና በአካባቢው ያሉትን ኢኑይት ፈጃቸው። የኤገዴ ሚስት ገርትሩድ ራስክ በሽተኞችን ስታስታምም ቆይታ በ1735 ሞተች፤ እሱም በተከታዩ ዓመት አስከሬኗን ይዞ ወደ ኮፐንሀገን ተመለሰ። በ1728 የሠራው የድንጋይ ቤት ግን አለ፤ የግሪንላንድ መንግሥት እንግዳ ይቀበልበታል።

ከዚያ በኋላ ጎትሆብ ለሁለት መቶ ዓመት ትንሽ የንግድና የሚሲዮን ጣቢያ ሆና ኖረች። ትንሽ ትሁን እንጂ ባዶ አልነበረችም። በ1845 የመምህራን ማሠልጠኛ ተከፈተባት። በ1861 «አቱዋጋግድሊውቲት» የተባለ ጋዜጣ በአገሬው ቋንቋ መታተም ጀመረ፤ ላርስ ሙለር የተባለ ግሪንላንዳዊ ለአሥርት ዓመታት አዘጋጅቶታል፣ አትሞታል። በዓለም ላይ ባለ ቀለም ሥዕል ካተሙ የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ ነው ይባልለታል። በውሻ የሚጎተት ስሌድና በቆዳ ጀልባ ከመንደር መንደር ይዞር ነበር። መንገድ የሌላት አገር ጋዜጣ ነበራት።

ከተማዋን ዛሬ ያለችበትን መልክ ያስያዟት ግን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግስት ያሉት ሠላሳ ዓመታት ናቸው። ይህን ዘመን ጠንቅቆ ያልተረዳ ሰው ኑክን ቢያይም አያያትም።

በ1951 ዴንማርክ 22 ግሪንላንዳውያን ሕፃናትን ከቤተሰባቸው ወሰደች። ዓላማው ልጆቹ ዴንማርክኛ ተምረው፣ የዴንማርክን ኑሮ ለምደው ሲመለሱ ለሌላው አርአያ እንዲሆኑ ነበር። ስድስቱ እዚያው በማደጎ ቀሩ። አሥራ ስድስቱ በተከታዩ ዓመት ሲመለሱ ወደ እናቶቻቸው አልሄዱም፤ ኑክ ውስጥ ለእነሱ ወደተሠራ የሕፃናት ማሳደጊያ ገቡ። ከእናት ጋር ሲገናኙ መነጋገሪያ ቋንቋ ጠፍቶባቸው ነበር። ዴንማርክ ይቅርታ የጠየቀችው በ2020 ነው፤ ካሣ የከፈለችውም በ2022፤ ያን ጊዜ በሕይወት የነበሩት ስድስት ብቻ ነበሩ።

በ1953 ግሪንላንድ ቅኝ ግዛትነቷ ቀርቶ የዴንማርክ አንድ ክፍል ሆነች። ሕዝቡ ድምፅ አልሰጠበትም። ከዚያ የመጣው ፖሊሲ ሕዝቡን ከትናንሽ መንደሮች አውጥቶ ወደ ጥቂት ከተሞች ማሰባሰብ ነበር። ትምህርት ቤት፣ ሐኪምና የዓሣ ፋብሪካ በሁሉም መንደር ማቆም አያዋጣም ተባለ። መንደሮች ተዘጉ፤ በዲስኮ ደሴት የነበረችው የከሰል ማዕድን ከተማ ኩሊሳት በ1972 ተዘጋች፤ ሰዉ ተበተነ። በ1964 የወጣው ሕግ ደግሞ አንድ ዓይነት ሥራ ለሚሠሩ ሁለት ሰዎች እንደ ትውልድ ቦታቸው የተለያየ ደመወዝ ፈቀደ፤ ዴንማርክ የተወለደው ይበልጥ ያገኛል፤ ግሪንላንድ የተወለደው በገዛ አገሩ ያንሳል።

የተሰበሰበው ሕዝብ መኖሪያ የሆኑት ኮንክሪት ሕንጻዎች ናቸው። ዝነኛው ብሎክ ፒ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ የተሠራ ባለ አምስት ፎቅ፣ 200 ሜትር ገደማ የሚረዝም አንድ ሕንጻ፤ 320 ያህል መኖሪያ ነበረው። በአንድ ወቅት ከግሪንላንድ ሕዝብ ከመቶው አንዱ በዚህ ሕንጻ ውስጥ ይኖር ነበር። ንድፉ የመጣው ከዴንማርክ ነው። የተከበረ ኑሮ እንዲሆን ታስቦ ሊሆን ይችላል፤ አልጠራጠርም። ነገር ግን በሩ ወፍራም ልብስና የአደን ትጥቅ ለለበሰ ሰው ጠበበ። የአደን መሣሪያና መረብ ማስቀመጫ ስላልነበረ ሰዉ በረንዳው ላይ ከመረ። አዳኙ ያመጣውን እንስሳ የሚበልትበት ቦታ አጥቶ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በለተ፤ ደሙ ቱቦውን ደፈነው። ከባሕሩ ዳር ቤት የነበረው ሰው አራተኛ ፎቅ ላይ ወጥቶ ባሕሩን በመስኮት ያይ ጀመር።

በኋላ አርቲስቷ ዩሊ ኤደል ሃርደንበርግ ከትምህርት ቤት ልጆች ጋር ሆና ከልብስ ትልቅ የግሪንላንድ ባንዲራ ሰፋች፤ የብሎክ ፒ የጎን ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በጥቅምት 2012 ሕንጻው ፈረሰ። ሌሎቹ ብሎኮች ግን አሉ፤ አሁንም ሰው ይኖርባቸዋል፤ የመኖሪያ ቤት ወረፋውም በኑክ ረጅም ነው። ግሪንላንድ ራስን በማጥፋት በዓለም ከፍተኛ ቁጥር ካለባቸው አገሮች አንዷ መሆኗንም የሚያጠኑ ሰዎች ይህን የችኮላ ዘመን ከምክንያቶቹ መካከል ይቆጥሩታል።

ዛሬ በከተማዋ ሲዘዋወሩ ዓይን የሚስበው ቀለም ነው። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ የእንጨት ቤቶች ግራጫ ዓለት ላይ ተበትነዋል። ዛፍ በሌለበት አገር እንጨቱ በሙሉ በመርከብ የመጣ ነው። ቀለሙ ድሮ ሥራን ይናገር ነበር፤ ቀዩ የንግድና የቤተ ክርስቲያን፣ ቢጫው የሆስፒታል፣ ሰማያዊው የዓሣ ፋብሪካ፣ አረንጓዴው የሬዲዮና የቴሌግራፍ። አሁን እያንዳንዱ የወደደውን ይቀባል። ዓለቱን መቆፈር ውድ ስለሆነ በብዙ ቦታ የውኃና የፍሳሽ ቱቦው ከመሬት በላይ፣ ብርድ በሚከላከል ሣጥን ተሸፍኖ ይሄዳል፤ ልጆች እንደ መንገድ ይሮጡበታል። ቤቱ የባለቤቱ ነው፤ መሬቱ ግን የማንም ግለሰብ አይደለም። በግሪንላንድ መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የመጠቀም ፈቃድ ብቻ ይሰጣል። ይህን ሲሰሙ የምዕራቡ ዓለም ጎብኚዎች ይደነቃሉ፤ የኛ አንባቢ የሚደነቅ አይመስለኝም።

ኤሌክትሪኩ ከቡክሰፊዮርድ የውኃ ኃይል ማመንጫ ይመጣል፤ ከ1993 ጀምሮ ይሠራል። ሽቦው ከተማዋ ለመድረስ አሜራሊክ የተባለውን ፊዮርድ መሻገር አለበት። መሐንዲሶቹ ባሕሩ ውስጥ ምሰሶ መትከል ስላልቻሉ ከተራራ ወደ ተራራ ወረወሩት፤ ከ5 ኪሎ ሜትር ከ300 ሜትር በላይ፣ መሐሉ ላይ አንዳች ድጋፍ ሳይኖረው። በዓለም ካሉት የኤሌክትሪክ መስመሮች በሁለት ምሰሶዎች መካከል ይህን ያህል የሚረዝም የለም።

ወደ ሰሜን ይበልጥ የሚርቁት ወደቦች በክረምት በበረዶ ሲዘጉ የኑክ ወደብ ዓመቱን ሙሉ ክፍት ነው፤ ከደቡብ የሚመጣው የባሕር ሞገድ ለብ ያለ ውኃ ያመጣል። ከተማዋ ከአርክቲክ መስመር በስተደቡብ 250 ኪሎ ሜትር ገደማ ዝቅ ብላ ነው ያለችው። ስለዚህ በፖስት ካርድ የምናያቸውን የስሌድ ውሾች ኑክ ውስጥ የሚፈልግ ሰው አያገኝም፤ እነሱን ማርባት የሚፈቀደው በሰሜንና በምሥራቅ ብቻ ነው። በታኅሣሥ ፀሐይ ከአራት ሰዓት ብዙም አትቆይም፤ በሰኔ ደግሞ ገብታ ሳይጨልም ተመልሳ ትወጣለች።

ሱቅ ውስጥ ያለው ቲማቲም፣ ወተት፣ ሲሚንቶና ሶፋ የሚመጣው በኮንቴይነር ነው፤ የመርከብ ሥራው ሮያል አርክቲክ ላይን በተባለው የመንግሥት ኩባንያ እጅ ነው። መርከቦቹ ሲመለሱ የሚጭኑት ሽሪምፕና ዓሣ ነው፤ አገሪቱ ወደ ውጭ ከምትልከው ከ90 በመቶ በላይ ይኸው ነው። አዳኞችና ዓሣ አጥማጆች የዕለቱን ምርኮ የሚሸጡበት የከተማው ገበያ ግን ከኮንቴይነር ጋር ጉዳይ የለውም። የሲል ሥጋ፣ የሰሜን አጋዘን፣ የባሕር ወፍ፣ ኮድ የሚባለው ዓሣ በጠረጴዛው ላይ ይዘረጋል። አዳኙ በጠዋት ያመጣው ከሰዓት በኋላ ያልቃል።

ስለ ቡና ሳልጽፍ ባልፍ ወገኖቼ አይምሩኝም። ግሪንላንዳውያን ልደትን፣ የልጅን የመጀመሪያ የትምህርት ቀንና ሌላውንም ደስታ የሚያከብሩት «ካፈሚክ» በሚባል የቡና ግብዣ ነው። ቤቱ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። እንግዳ ጫማውን በር ላይ አውልቆ ይገባል፤ ጠረጴዛው ላይ ኬክ ከዳር እስከ ዳር ተደርድሯል፣ ከጎኑ የዓሣ ነባሪ ቆዳ ከነስቡ ተቆራርጦ ይቀርባል። ቡናው የፋብሪካ ቡና ነው፤ ከዴንማርክ ነጋዴዎች ጋር የገባ። እኛ ዘንድ አቦልን ጠጥቶ ከቶናና ከበረካ በፊት የሚነሣ ሰው ይታዘቡታል፤ በካፈሚክ ግን ጨዋነቱ ተቃራኒ ነው። በልተህ፣ ጠጥተህ፣ ተጫውተህ ሌላ እንግዳ ሲገባ ወንበሩን ትለቃለህ። ቤቱ ትንሽ ነው፤ የሚመጣው ሰው ብዙ ነው።

ወደ መንገዱ ጉዳይ እንመለስ። አሜሪካኖች በ1941 በጦርነቱ ምክንያት ካንገርሉስዋክ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ ሠሩ። ቦታው ከኑክ በስተሰሜን 300 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በረጅም ፊዮርድ መጨረሻ ላይ ያለ፣ ከተማ ያልነበረበት ስፍራ ነው፤ አየሩ ግን ከባሕሩ ጉም የራቀና የተረጋጋ ነው። ጦርነቱ ሲያልቅ የአገሪቱ ዋና በር እሱ ሆኖ ቀረ። ኑክ በ1979 የራሷን ማረፊያ ስታገኝ ሜዳው 950 ሜትር ብቻ ነበር፤ ከትንንሽ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች በቀር አያስተናግድም ነበር። ስለዚህ ከኮፐንሀገን ወደ ዋና ከተማው የሚመጣ መንገደኛ በመጀመሪያ ካንገርሉስዋክ ያርፍ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ አውሮፕላን ይጠብቃል፤ ኑክ ላይ ጉም ካለ ደግሞ እዚያው ያድር ነበር። ለከፍተኛ ሕክምና ወደ ኮፐንሀገን የሚላከው በሽተኛም በዚሁ መንገድ ነበር የሚያልፈው።

በኑክ አዲስ፣ ረጅም ሜዳ ለመሥራት ሲታሰብ ከታጩት ተቋራጮች መካከል አንድ የቻይና መንግሥት ኩባንያ ነበረበት። ዋሽንግተን ተቆጣች፤ ኮፐንሀገን ነቃች። ዴንማርክ በ2018 700 ሚሊዮን ክሮነር አፍስሳ ከኤርፖርቱ ድርሻ አንድ ሦስተኛውን ወሰደች፤ ቻይናዎቹም ወጡ። ግሪንላንዳውያን ያላገኙት ገንዘብ የሦስተኛ ወገን ጥላ ሲታይ በወራት ተገኘ፤ ለእኔ ከዚህ ሁሉ ታሪክ እጅግ የሚያስተምረው ይህ ነው። በኅዳር 28 ቀን 2024 2,200 ሜትር የሚረዝመው ሜዳ ተከፈተ፤ ትልቅ ጄት ከኮፐንሀገን ቀጥታ ኑክ አረፈ። በሰኔ 2025 ደግሞ ከኒው ዮርክ አጠገብ ካለው ከኒውዋርክ ቀጥታ በረራ ተጀመረ፤ አራት ሰዓት ገደማ ነው የሚፈጀው።

በሩ ሲከፈት ሁሉም ይገባል። ዶናልድ ትራምፕ ግሪንላንድን የመግዛት ሐሳብ ያነሡት በ2019 ነው፤ በ2025 መጀመሪያ አጥብቀው ደገሙት፤ ልጃቸውም በጥር ኑክ ደርሶ ተመለሰ። በዚያው ወር የተደረገ የሕዝብ አስተያየት ጥናት 85 በመቶው የአሜሪካ አካል መሆን እንደማይፈልግ አሳየ። በመጋቢት ምርጫ ተካሄደ፤ የ33 ዓመቱ የንስ-ፍሬድሪክ ኒልሰን ጠቅላይ ሚኒስትር ሆኑ። ሰልፈኛው ወደ አሜሪካ ቆንስላ ሄደ። ይህ ማለት ግን ዴንማርክን ወደደ ማለት አይደለም። በ1960ዎቹ መጨረሻ የዴንማርክ ሐኪሞች በ4,500 ገደማ ግሪንላንዳውያን ሴቶችና ልጃገረዶች ማኅፀን ውስጥ፣ ብዙዎቹን ሳያስፈቅዱ፣ ሉፕ የሚባለውን የእርግዝና መከላከያ አስገብተዋል፤ መውለድ ከሚችሉት ሴቶች ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። የዴንማርኳ ጠቅላይ ሚኒስትር ሜተ ፍሬድሪክሰን በመስከረም 2025 ኑክ ድረስ መጥተው ሴቶቹ ባሉበት ይቅርታ ጠየቁ።

በ2009 የወጣው የራስ አስተዳደር ሕግ ግሪንላንዳውያን በፈለጉ ጊዜ በሕዝብ ድምፅ የነጻነት መንገድ መጀመር እንዲችሉ ይፈቅዳል። ያልተፈታው ሒሳቡ ነው፤ ከመንግሥቱ ገቢ ግማሽ ገደማው አሁንም ከኮፐንሀገን ይመጣል። ይህ ካልተለወጠ ሜዳው ቢረዝምም ኑክ ገና ቁልፏን በእጇ አልያዘችም።

ከተማዋን ለማየት የምታስቡ አንባቢዎች ይህን አስቀድማችሁ እወቁ። ግሪንላንድ የዴንማርክ ግዛት አካል ብትሆንም የሸንገን አባል አይደለችም። የዴንማርክ ኤምባሲ የሸንገን ቪዛ ቢሰጣችሁም እሱ ብቻውን ኑክ አያስገባም፤ ቪዛው ለግሪንላንድ እንደሚሠራ የሚገልጽ ቃል በላዩ ላይ መስፈር አለበት። ማመልከቻውን ስትሞሉ ይህን በግልጽ ጠይቁ፤ ቲኬቱን የምትቆርጡት ከዚያ በኋላ ይሁን።